ጋሼ ጨምርና አልጋ የሞላባት የጸሎት ክፍል

ሐዘንተኞች ሆይ፣ የሟቹ የወንድም ልጅ ነኝ፤ የማነበው የአጎቴ ታሪክ ጊዜያችሁን እንደማያባክን ቃል እገባለሁ። «አታሽሞንሙኑኝ፣ ያጠፋሁትንም አንብቡ» ብለው ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው።

ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደዚህ መንፈሳዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ግቢው በሙሉ አንዲት ክፍል ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ተማሪዎቹ የተኙበትን ፍራሽ ጠቅልለው ከግድግዳ ያስጠጉና እዚያው ጸልየው እዚያው ይማሩ ነበር፤ ፍራሽ ሳይነሣ ጸሎት የለም የተባለውም ያኔ ነው።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በመምህርነት፣ ኋላም በርዕሰ መምህርነት ሲያገለግሉ፣ የመኝታ ሕንፃውን፣ የመመገቢያ አዳራሹንና የሴቶች ማደሪያውን በላይ በላዩ አሠሩ፤ አንዱ ሳያልቅ ለሌላው መሠረት ሲያስቆፍሩ ያዩ ተማሪዎችም «ጋሼ ጨምር» አሏቸው። የግቢውን ነርስ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ሲያሳድጉ፣ ባለቤታቸው የእኛን ቤት ጣራ ማን ይጨምርልን እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የብረት አልጋ በመጣ ጊዜ፣ አሮጌዎቹን የእንጨት አልጋዎች እስከ ክረምት ብቻ ብለው ወደ መጀመሪያዋ ክፍል አስገቡ፤ ጸሎቱም ወደዚህ መመገቢያ አዳራሽ ተዛወረ። ክረምት አልፎ ክረምት ቢተካም አልጋዎቹ እንደ ባለርስት ተደላድለው ቀሩ። አጎቴ ጡረታ ወጥተው ቁልፉን ለተተኪያቸው ካስረከቡ በኋላ፣ አብረዋቸው የተማሩ ጓደኛቸው ከሩቅ መጥተው በዚያች ክፍል ልጸልይ አሉ። በሩ ሲከፈት እግር ማስገቢያ ጠፋ። እንግዳው ደጃፉ ላይ ቆመው ጸለዩ፤ አጎቴም ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ያለፉት አንገታቸውን ደፍተው ነው።

የልብ ሕመም ሲጸናባቸው፣ የመሰናበቻ ጸሎቴ በዚያች ክፍል ይሁን ብለው ለመኑ። ተተኪያቸውን ብንጠይቅ አልጋዎቹ ከፈተና በኋላ ይነሣሉ አሉን፤ እኛም እሺ ብለን ተመለስን። ሞት ፈተና አልጠበቀም። አስከሬናቸው በምግብ ጠረጴዛዎች መካከል ያረፈው ስለዚህ ነው፤ ኀፍረቱም ከእሳቸው ወደ እኛ ተላልፏል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በሠሩት ጣራ ሥር የሚያድሩትን ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥበት በሌለበት ያሳርፍልን።

ቀብሩ ጥቂት ይቆየን፤ መጀመሪያ ያችን ክፍል ለመሰናበቻ ጸሎታቸው እናስለቅቅላቸው። ትናንት ከልጆቻቸው ጋር አንዱን አልጋ አነሣነው፤ ያሳፈረን ቅለቱ ነው። ኑ፣ እናንተም አንሥታችሁ እዩት።