የገበያ ቀን ቀጠሮ

አቶ ሙሂዲን አምቦ ከተማ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ፣ ለሁሉም ሰው ትሑት፣ ለልጃቸው ለዙልፋ ግን ሥጋታቸው የሚበዛ አባት ነበሩ። ዙልፋ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ የምታስተምረውም ስለ እናቶች ጤና ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝ በግ አርደው ጎረቤት ጠርተዋል። ለዶክትሬት ተመዘገብኩ ስትላቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። እጮኛዋ ሙስጠፋ እጠብቃለሁ ቢልም አባቱ አቶ ደሊል ኒካሑ ይታሰር እያሉ ይወተውቱ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ አቶ ሙሂዲን፣ ወይ ትምህርቱን ተይ፣ ወይ እኔን ከነገሩ አውጪኝ ብለው ቁርጡን ነገሯት። ዓይኗን አብሳ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሸነን ከተማ ወዲያ ወዳለች አንዲት የገጠር ገበያ ጨርቅ አድርሰው ሲመለሱ፣ በጤና ጣቢያው አጥር ሥር እርጉዞች የከበቧት ሴት ድምፅ አስቆማቸው። ልጃቸው ናት። በኦሮምኛ እየጠየቀች፣ ከሴቶቹ ጋር እየሳቀች ትጽፋለች። እሳቸው ጥናት ሲባል ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር።

ሴቶቹ ሲበተኑ ጠጋ አሉ። ዙልፋ ደንግጣ ተነሣችና አግዳሚውን ለቀቀችላቸው።

"ልጄ፣ ትዳርሽን የምታዘገዪው ለዚህ ነው?" አሉ። "ለማስተማር የሚበቃ ዕውቀት አለሽ። ከዚህ በላይ መከመር ቅብጠት አይሆንም?"

"አባዬ፣ እስካሁን የማስተምረው ሌሎች በሌላ አገር የደረሱበትን ነው። የዚህ አገር እናት ከእርግዝና ክትትል ለምን እንደምትቀር በውል የጠየቃት የለም።"

"መቅረቷማ ካለማወቅ ነዋ።"

ይህን መልስ ከብዙ የተማረ ሰው አፍ ስለሰማችው አልከፋትም። ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። የክትትሉ ቀን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ መኪና የለም፤ ሴትዮዋ ቤቷን ጥላ ግማሽ ቀን በእግሯ መጓዝ አለባት። ቅዳሜ ግን ቅቤዋን ልትሸጥ ስትወጣ በጤና ጣቢያው ደጅ ታልፋለች፤ ያን ቀን ደግሞ የሚታየው በሽተኛ ብቻ ነበር። ቸልተኛ ናቸው ይባል ነበር እንጂ ማንም አልጠየቃቸውም። ዙልፋ ይህን ስታሳያቸው ባለሙያዎቹ ለሙከራ ቅዳሜንም ጨመሩ።

አቶ ሙሂዲን ነጋዴ ናቸውና ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ገበያተኛ በሌለበት ቀን ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ጠፋ እንደ ማለት ነው። ሆኖም እጅ አልሰጡም።

"ታዲያ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል?"

"ለመገመት አያስፈልግም። እዚህ የሠራው ሌላም ቦታ መሥራቱን ሳላረጋግጥ፣ ስሕተቴን የሚፈልጉ መምህራን ሳይፈትኑት፣ ማን አምኖ አሠራሩን ይለውጣል? እርስዎስ ቀለሙ እንደማይለቅ ሳያጥቡ ጨርቅ በጅምላ ያመጣሉ?"

"ሳላጥብማ አላመጣም" አሉ፤ ሳቅም አመለጣቸው።

በዚህ መሐል ባየሽ የምትባል፣ ሕፃን ያዘለች ወይዘሮ ዙልፋን ልትስም መጣች። አባቷ መሆናቸውን ስትሰማ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ጨበጠች። ደም ግፊቷ የታወቀው ቅቤ ሸጣ ስትመለስ ባደረገችው የቅዳሜ ክትትል ነበር፤ በአምቡላንስ አምቦ ተወስዳ በደኅና ተገላገለች።

"ኦቦ ሙሂዲን፣ ልጅዎ ባትጠይቀን ኖሮ እኔ ረቡዕን ብዬ አልመጣም ነበር" አለቻቸው።

አቶ ሙሂዲን ወደ ሕፃኑ እጃቸውን ዘረጉ። ሕፃኑ ጣታቸውን ይዞ አልለቅ አለ፤ እሳቸውም ለማስለቀቅ አልቸኮሉም።

አብረው ሲመለሱ በመንገዳቸው ሁሉ ጥናቱን ለመጨረስ ምን እንደቀራት ሲጠይቋት ዋሉ። አምቦ እንደደረሱም በቀጥታ ወደ አቶ ደሊል ቤት ሄዱ። "ልጄ የያዘችው ሥራ የእኔን ቤት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ኒካሑ ይታሰር፤ ትምህርቱም ይቀጥል። ትዳርና ትምህርት የሚጣሉት እኛ ስናጣላቸው ነው" አሏቸው። አቶ ደሊል አጉረመረሙ፤ ሙስጠፋ ግን ከአባቱ ቀድሞ ተስማማ።

ሠርጉ በክረምቱ ሆነ። ጥናቱ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀ። ዙልፋ ሥራዋን ለፈታኞች ባቀረበችበት ዕለት ዶክተር ነገራ የሚባሉ መምህር ጥያቄ ቢያከታትሉባት አቶ ሙሂዲን ሊመልሱላት ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ሙስጠፋ እጅጌያቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። እሷ ግን ሁሉንም መለሰች።

ዛሬ በአካባቢው ያሉ ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም እርጉዞችን በገበያ ቀን ያያሉ። ተማሪዎቿም ሰውን ከመውቀስ በፊት መጠየቅ እንደሚገባ ከእሷ ተምረው ይወጣሉ። አቶ ሙሂዲንም፣ ልጄ ትምህርት አልጨርስ አለች ብሎ የሚያማርር አባት ሱቃቸው ሲመጣ ወንበር ይስቡለትና፣ "እሰይ በል ወንድሜ፤ ገና የምትጠይቀው ነገር አላት ማለት ነው" ይሉታል።