አባቴ የሠራው ደረጃ

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ በምትሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት ሴት ፊት ለፊቷ ለተቀመጡ ሽማግሌ ታወራለች።

«ትናንት ከአስጎብኚ ጋር ከአንድ የሥዕል ሙዚየም አጠገብ ተነስተን የአርመኖችን ቤቶች በእግር ስንጎበኝ ዋልን።»

«ምን አሳዩሽ ልጄ?»

«አስጎብኚው አሁን የቀበሌ በሆነው አንድ ፎቅ ቤት ፊት ቆሞ ‹ከነደረጃው የአርመን እጅ ሥራ ነው› አይልም! ደረጃውን የሠራው እኮ የኮልፌው አናጢ አባቴ ነው።»

«ታዲያ ዝም አልሽ?»

«ምን በወጣኝ! ‹ጓድ፣ ተሳስተሃል› አልኩት። ማስረጃ አምጪ አለኝ።»

«ከየት ታመጪለታለሽ!»

«አባቴ በሠራው ዕቃ ሁሉ ሥር በመሮ ስሙን ይቀርጽበታል። ጎብኚውን በሙሉ ደረጃው ሥር አስጎንብሼ አስነበብኳቸው።»

«አስጎብኚውንም?»

«እሱማ ተንበርክኮ ነው ያነበበው!»

«አርመኖቹስ አልተቀየሙም?»

«እዚያ ቤት ያደገች አሮጊት አርመን አብራን ነበረች። ‹እሰይ! ይህ ደረጃ ሲጢጥ ባለ ቁጥር የምረግመው ሰው ስም ጠፍቶኝ ነው የኖርኩት› ብላ ሳቀች።»

«አይ አንቺ! አባትሽን አስከበርሻቸው ወይስ አሰደብሻቸው?»

«ይሰደብ፣ አባባ! በስሙ ይሰደብ እንጂ!»

እኔም ግንበኛው ባለቤቴ ፒያሳ ያቆማቸውን ቤቶች፣ የጠመሙትንም ጨምሬ፣ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።