ቀያሹ፣ መኪናቸውና እኔ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከሥራ ገበታችሁ ተነሥታችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ባለቤቴን ለመሸኘት እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ዜና ሕይወት ሊያነቡ የነበሩት የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው። ትናንት ያረቀቁትን አሳዩኝ፤ አጻጻፉ ያማረ ነው፣ ይሁን እንጂ ስለ መኪናዋ ሁለት ገጽ ተኩል፣ ስለ እኔ ደግሞ «በመልካም ትዳር ኖረዋል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ስላገኘሁበት፣ ወረቀቱን በትሕትና ተቀብዬ ራሴ ላነብ ቆሜአለሁ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የባለቤቴ አንገት በልኩ እንዲሆን እኔ ባነበው ይሻላል።

ባለቤቴ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ አባታቸው ጣውላ እናታቸው ጨርቅ ሲለኩ እያዩ በማደጋቸው፣ ገና ከልጅነታቸው ጀምሮ ሜትር ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በቅየሳ ሙያ በጥሩ ውጤት ተመርቀው፣ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በረዳት ቀያሽነት ተቀጥረው፣ ከዓመታት ትጋት በኋላ እስከ ዋና ቀያሽነት ደርሰዋል። ዛሬ አስፋልት ለብሶ የምንመላለስበት መንገድ ገና ጭቃና ቁጥቋጦ ሳለ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አቅጣጫውን ያዩለት እሳቸው ናቸው። እኔንም በአንድ ዓይናቸው ብቻ የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላው ግቢው ውስጥ ቀርቶ።

ግቢው ውስጥ የነበረችው መኪናቸው ናት። ባለቤቴ ገና ሳያገቡ፣ ለቅየሳ ሥራ በየዱሩ ሲንከራተቱ በነበረበት ዘመን፣ ሌሎቹ ጓደኞቻቸው ሱፍና ሰዓት ሲገዙ እሳቸው ደመወዛቸውን አጠራቅመው፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ያልተላጠ አዲስ የመስክ መኪና ከአስመጪው መደብር ራሳቸው ነድተው አወጡ። ቀለሟ ድፍን አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ስኮርታ ጎማዋ ከኋላ በሯ ላይ የታሰረ፣ አራቱም ጎማዋ ጉልበት ያለው ነበረች። ስሟንም ሙሽሪት አሏት። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ጆሮዋ እስከ መጨረሻው ደረጃዋን አልለቀቀችም። እኔ ከሠርጌም ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነበርኩ፤ ሙሽሪት እሷ ነበረች።

እኔ በዳቦ ፋብሪካ የማከፋፈያ መኪና ሾፌር ነበርኩ። አንድ ቀን ከነዳቦዬ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሬ ሳለ፣ በአጋጣሚ እዚያው አካባቢ መንገድ ሲለኩ የነበሩት ባለቤቴ ደርሰው በሙሽሪት ጎትተው አወጡኝ። ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ገመዱ ቀለሟን እንዳይጭረው ያዢልኝ» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ! በሠርጋችን ዕለትም መሪዋን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለው ራሳቸው ነዱ፤ የፊት ወንበሩን የቅየሳ መሣሪያቸው ይዞት ስለነበር እኔ ከነቬሎዬ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ወለሏ እንዳይቆሽሽም ከነጭ ጫማዬ ሥር ጋዜጣ አነጠፉ። ሚዜዬ በሳቅ ፈረሰች። ሌላዋ ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ በብረት ቀናሁ። ዕድሜ ልኬን በመንዳት እንጀራ የበላሁ ሰው ሆኜ፣ አንድ ቀን እንኳ መሪዋን አስነክተውኝ አያውቁም። ስጠይቃቸው «ዳቦ ሌላ፣ ሙሽሪት ሌላ» ይሉኝ ነበር።

ከጋብቻቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ሴቷ መምህርት፣ ወንዱ ፋርማሲስት እስኪሆኑ ድረስ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰው የማያስቀይሙ፣ ለጎረቤት ደራሽ፣ ልጆቻቸውን የሚወዱ ነበሩ። ብቻ የሴት ልጃቸው የልደት ዓመት ሲጠየቁ «የማርሽ ሣጥኗ የተከፈተ ዓመት»፣ የወንዱን ሲጠየቁ ደግሞ «ራዲያተሯ የተቀየረ ሰሞን» ብለው ነበር የሚመልሱት። ለሙሽሪት የተቀየረው ዘይት፣ የተገዛው ብሎን፣ የተከፈለው ደረሰኝ ሁሉ በቀን በቀኑ ተሰድሮ በወፋፍራም ፋይል ተቀምጧል፤ በየዓመቱም ታጥባና ተወልውላ በራችን ላይ ቆማ ፎቶ ትነሣለች። የሠርጋችንን ፎቶ ግን ትናንት ለዛሬው ቀን ፈልገን ያገኘነው ብፌውን ገልብጠን ነው። የኩሽናዬ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ «ነገ» ሲሉ የሚከርሙት ሰው፣ ከሙሽሪት ሥር አንዲት ጠብታ ዘይት ያዩ እንደሆነ ከነሱፋቸው መሬት ላይ ይንጋለላሉ። እኔም ከመስኮት ሆኜ የጎሪጥ አያታለሁ።

ባለቤቴ በጡረታ ከተገለሉ በኋላ የልብ ሕመም አድሮባቸው ሐኪሞች መኪና እንዳይነዱ ከለከሏቸው። ያን ጊዜ ሴት ልጃችንን ጠርተው የሽያጭ ማስታወቂያ አስጻፉ፤ የወንድማቸው ረቂቅ ውስጥ ስላለ እንዳለ ላንብብላችሁ። «ከአንድ ባለቤት እጅ ያልወጣች፣ ሰነዷ የተሟላ፣ ጠዋት ያለ ጭቅጭቅ የምትነሣ፣ ዳገት የማትፈራ፣ ዕድሜዋ ቢገፋም መልኳን ያልለቀቀች፣ ባለቤቷን አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላ የማታውቅ።» ሲያስጽፉ በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። እኔስ? እኔም እኮ ጠዋት ያለ ጭቅጭቅ ነው የምነሣው። እኔስ መቼ መንገድ ላይ ጣልኳቸው? ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር እንዲህ ያለች ቃል ለእኔ ወርውረው አያውቁም፤ አንደበት አጥተው እንዳልነበረ ግን ያን ዕለት አወቅሁ።

ማስታወቂያውን ያዩ ገዢዎች ሲመጡም፣ ልጁን እንደሚድር አባት አንዱን «እጁ ከባድ ነው»፣ ሌላውን «ፎቶ ሊነሣባት ነው የፈለጋት»፣ ሦስተኛውን «በሯን ሲዘጋ አላማረኝም» እያሉ መለሷቸው። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞረው «እኔ ካልሆነልኝ አንቺ ደህና ሰው ምረጪላት» ብለው አደራ ጣሉብኝ። ለጣውንቴ ባል እንድፈልግላት ማለት ነው። እሺ አልኳቸው፤ በልቤ ግን ለመጀመሪያው መጪ ሰጥቼ ከግቢዬ የምትወጣበትን ቀን በናፍቆት እጠብቅ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቴ ምሳ ላይ ሳሉ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። የተጠራው አምቡላንስ ሲዘገይ ጎረቤታችን መካኒኩ ሮጠው መጡና ሙሽሪትን ሊያስነሡ ሞከሩ፤ ሙያተኛ ናቸውና እንደ ማንኛዋም አሮጌ መኪና ነዳጁን ደጋግመው ረገጡት፣ እሷ ደግሞ ሲደጋገምባት ታፍና እምቢ ትላለች። ገለል አደረግኋቸው። የሳቡትን የቾክ ዘንግ ወደ ቦታው መልሼ፣ ጥቂት አሳርፌያት፣ ነዳጁን ሳልነካ ቁልፉን ባዞር ተነሣች። ባላንጣዋን ዕድሜ ልክ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ጠባይዋን ታውቃለች። ባለቤቴ ከኋላ አግዳሚው ላይ በልጃችን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ቀስ በይ፣ ማርሿን አታስጩኺያት» አሉኝ። ደሜ ፈልቶ «ዝም ይበሉ፣ ዛሬ ስለ እሷ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። ዳገቱን ወጥተን ወደ ሐኪም ቤቱ ስንታጠፍ «ለካ ትችያለሽ» አሉኝ። ይህ ለእኔ የተነገረው ማስታወቂያ ነው፤ አጭር ቢሆንም አልለውጠውም። ከዚያ በኋላ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ትናንት ሊያጽናኑኝ ከመጡት መካከል ከእኔ እንባ ይልቅ የሙሽሪትን ጎማ ሲያዩ የነበሩ አሉ፤ አንዱም መነጽሩ የወደቀበት መስሎ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አይቷል፤ አንድ ደላላ ደግሞ እጄን በሐዘን ይዞ «እማማ፣ ከቀብሩ በኋላ ብናያትስ?» ብሎኛል። እንግዲህ አትድከሙ፣ ሙሽሪት አትሸጥም። የሟች አደራ ተበላ የሚል ካለም፣ ደህና ሰው ምረጪላት ብለውኝ ነበር፤ መርጫለሁ፤ እኔው ነኝ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ቅናት ነው። የእሳቸው መዳፍ ያለሰለሰውን መሪ ሌላ ሰው ሲይዘው፣ እሳቸው ባጎደጎዱት ወንበር ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ሳስበው ዓይኔ ደም ይለብሳል። እሳቸውን እንደ እኔ ያወቀች እሷ ብቻ ናት፤ እሷን አሳልፌ ሰጥቼ ከማን ጋር ልናፍቃቸው?

ባለቤቴ ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ እኔንና ሙሽሪትን ትተው አልፈዋል፤ በዚህ ዝርዝር እኔ ከእሷ መቅደሜን ልብ በሉልኝ። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ፣ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። ለራሴ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያም ዓለም መኪና እንዳይሰጣቸው። እኔ እስክመጣ ድረስ በእግራቸው ይሂዱ።