ባለ ሦስት ፎቁ የአባባ ቴፕ

በእኛ ጊዜ ቴፕ ያለው ሰው፣ ሰው ነበር። ትስቃላችሁ፣ ሳቁ። ዛሬ እናንተ ዘፈኑንም ስብከቱንም በኪሳችሁ ይዛችሁ ስትዞሩ ማን ዞር ብሎ ያያችኋል? ያኔ አባቴ ቴፕ ገዝቶ ጎባ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሊል መጣ። እና ተራ ቴፕ እንዳይመስልህ፣ አንተ በስልክህ የምትቀዳኝ፣ ልብ ብለህ ስማ። ሬዲዮው ለብቻው፣ አምፕሊፋየሩ ለብቻው፣ ካሴት የሚጎርሰው ለብቻው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ደግሞ ግራና ቀኝ። ያኔ ጎባ ውስጥ ፎቅ ቤት የት አለና፣ የሰፈሩ ሰው «የአቶ ደምሴ ባለ ሦስት ፎቅ» ይለው ነበር። እኛም ልጆቹ ፎቅ እያልን አደግን። ላይኛው ፎቅ ሬዲዮ፣ መሀል ፎቅ አምፕሊፋየር፣ ምድር ቤቱ ካሴት። እንግዲህ ያቺ ፎቅ የምትባል ቃል ናት በኋላ ጉድ ያፈላችብን።

አባባ ሞተ፣ ተስካሩም ወጣ። ታዲያ እኛ ሦስት ነን፤ ታላቃችን ግርማ ሮቤ ነው ያለው፣ ታናሻችን አልማዝ ጎሮ አግብታ ሱቅ ከፍታለች፣ እኔ ጎባ ከእማዬ ጋር ቀርቻለሁ። ቤቱ የእማዬ ነው ተባለ፣ ከብቱን ተካፈልን፣ ማንም ማንንም ክፉ አልተናገረም። በመጨረሻ ቴፑ መጣ። ግርማ «በኩሩ እኔ ነኝ» ይላል። አልማዝ «አባባ የሚከፍተው እኔ ስለው ነበር» ትላለች። እኔስ አፍ የለኝም? «አቧራውን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ትልቁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለመሆኑ ስንት ፎቅ ነው?» አሉ።

«ሦስት» አልን።

«እናንተስ ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«ታዲያ ምን ያጣላችኋል? አንዳንድ ፎቅ ነዋ።»

የቀሩት ሁለቱ «ፍርድ ማለት ይሄ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኛም ጉልበት ስመን ተመርቀን ተነሳን። መሀሉ ለግርማ፣ ላይኛው ለአልማዝ፣ ምድር ቤቱ ለእኔ። ስፒከሮቹንም አንዱን ለግርማ አንዱን ለአልማዝ ሰጡና እኔን «አንቺ ደግሞ ካሴቶቹን ውሰጂ፣ እንዳይከፋሽ» አሉኝ። እና አንድም ሰው፣ አንድም፣ «ኧረ ይሄ ነገር ተለያይቶ ይሠራል ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ፍርዱ እኩል ነው፣ በቃ።

ግርማ ወስዶ ቴሌቪዥኑን ጫነበት። አልማዝ ዳንቴል አልብሳ ቡፌ ላይ አወጣችው፣ ስፒከሩን ልጆቿ ዱካ አደረጉት። የእኔ አልጋ ሥር ገባ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመቱ ነጎደ፣ ካሴትም ከገበያ ጠፋ፣ ሁሉም ፍላሽ በፍላሽ ሆነ።

ታዲያ አምና ክረምት እማዬ አልጋ ያዘች። የጎባን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ አይምርም። አንድ ጧት ሾርባ ይዤላት ስገባ «ያን ካሴት አሰሚኝ» አለችኝ።

«የትኛውን እማዬ?»

«አባትሽ ቴፑ የመጣ ዕለት ራሳቸውን የቀዱበትን። ስሜን የጠሩበትን።»

እኔ ደነገጥኩ። ለምን መሰላችሁ፣ አባባ እማዬን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። የዚያን ጊዜ ባል ሚስቱን በስሟ አይጠራም፣ ነውር ነው። «አንቺ» ነው፣ «ሰማሽ» ነው፣ ሲቆጣ «ሴትዮ» ነው፣ እንግዳ ፊት «የግርማ እናት» ነው። እሷም እሱን አንቱ ስትል ነው የኖረችው። እና «እማዬ፣ በህልምሽ ይሆናል» አልኳት።

«ህልምና ቴፕ አይጠፋኝም» አለች። «ወርቅነሽ ብለውኛል። አንድ ጊዜ። እሱን ልስማና ልሂድ።»

ልሂድ ስትል ካሴቶቹን ገለባብጬ፣ አባባ በእጁ ቴፑ የመጣበትን ቀን የጻፈበትን አወጣሁ። ወዲያው ለግርማ ደወልኩ። «ግርማ፣ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን ይዘህ ና።»

«አንቺ ካሴቱን ይዘሽ ነይ እንጂ» አለኝ። «ያባቴ ድምፅ የሚሰማው በበኩር ልጁ ቤት ነው።»

«እናትህ እኮ ከአልጋ አትነሳም።»

«እኔስ ቴሌቪዥኑን ምን ላይ ላስቀምጠው?» ይለኛል ደግሞ።

ለአልማዝ ደወልኩ። «ስፒከርሽን ላኪልኝ» አልኳት።

«ስፒከሩን ብቻ? ሬዲዮውስ?»

«ሬዲዮ ለካሴት ምን ይሠራል?»

«አወቅሁት፣ እኔን መናቃችሁ ነው። ላይኛው ፎቅ እኮ ነው የኔ» ብላ ዘጋችብኝ። እናት አልጋ ላይ፣ ልጆች ፎቅ ላይ።

ጎረቤት ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ካሴት የሚያጫውት የለም። የአንዱን አይጥ በልቶታል፣ ያንዱ ለቆራሌው ሄዷል። ይሁን አልኩና የኔን ፎቅ በነጠላ ጠቅልዬ ሮቤ ወረድኩ፣ ከድር የሚባል ዲሽም ቴፕም የሚጠግን ሰው ጋ። ከድር አፉ ከእጁ ይፈጥናል። ገለባበጠው፣ ከኋላው ጠፍጣፋ ገመድ ጎተተና «ኣዮ፣ ኦቦሌያኑ የት አሉ?» አለኝ። እናቴ፣ ወንድምና እህት የት አሉ ማለቱ ነው በኦሮምኛ።

ደሜ ፈላ። «ስማ» አልኩት፣ «እኔ ቴፕ ላሠራ ነው የመጣሁት እንጂ ልታረቅ አይደለም። ማነው የቤታችንን ጉድ የነገረህ? ግርማ መጥቶ ነበር?»

«ግርማ ማነው?»

«ወንድሜ ነዋ።»

«ኣዮ፣ እኔ የቴፑን ኦቦሌያን ነው ያልኩት። አምፑን፣ ስፒከሩን። ይሄ እኮ የራሱ የመብራት ገመድ የለውም። መብራት የሚበላውም በወንድሙ እጅ ነው፣ የሚናገረውም በወንድሙ አፍ ነው።»

«እነሱም ያው ናቸው» አልኩት፣ «ተኳርፈዋል።»

«ሂጂና አስታርቂያቸው» አለኝ።

«የቴፑን ወይስ የእኔን?» ስለው በሳቅ ሞተ። ከዚያ ግን የእማዬን ነገር ነገርኩት። ሰማኝና «እናት ነች፣ ያለ እነሱም እናስነሳዋለን፣ ኢንሻላህ» አለ። እንዳፉ ቢሆን ደግ ነበር። መጀመሪያ ሲሰካው ጢስ ወጣ፣ ሱቁ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። «እሱ ምንም አይደል፣ ፊውዝ ነው» ይላል እጁን እያራገበ። ቀጥሎ ውስጡ ያለው ላስቲክ ቀልጦ እንደ ማር ተዝለግልጓል፣ እሱን ለወጠ። ቀጥሎ «አሁን መብራቱን ከባትሪ እናበላዋለን፣ አፍ ግን ያስፈልገዋል» ብሎ ቀና ሲል በሩ ላይ ሁሴን የሚባል ባለ ባጃጅ በዘፈን ሰፈሩን ያናውጣል። ያ ባጃጅ ከራሱ የሚከብድ ስፒከር ነው የጫነው። ከድር አየው፣ እኔም አየሁት።

በባጃጅ ጎባ ወጣን፣ ቴፑ እቅፌ ውስጥ። ሁሴን ባጃጁን በእማዬ መስኮት ሥር አስጠጋ፣ ከድር ገመድ ከባትሪው ከስፒከሩ አገናኘ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። እኔ ገብቼ እማዬን ትራስ አስደግፌ ቀና አደረግኳት። ከድር ካሴቱን አጉርሶ ተጫነው። «አ... ን... ድ...» አለ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ።

«ይሄ ማነው?» አለች እማዬ፣ «ባሌ አይደለም፣ ሰይጣን ነው።»

ከድር ወስፌ በሚያህል መፍቻ አንዷን ብሎን ነካ አደረገ። አሁን ደግሞ እንደ ሕፃን ልጅ ተንጫጫ። «ይሄ ደግሞ ግርማ ነው» አለች፣ መስኮቱ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ሦስተኛ ነክቶ ከመጀመሪያው ሲያስነሳው ግን፣ ልጆቼ፣ አባባ መጣ። ራሱ አባባ፣ ሳሉ ሳይቀር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንድ፣ ሁለት። ይሰማል? ግርማ፣ ገመዱን አትንካ። አትንካ አልኩህ እኮ አንተ ልጅ። ቀይዋ መብራት በርታለች፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ።» ከዚያ ሽሽሽ ብቻ። ሽሽሽ። አለቀ አልን። እማዬ እጄን ጨብጣለች፣ ጣቴ እስኪያመኝ። ከዚያ አባባ በዚያ ሁሉ ሰፈር፣ በባጃጅ ስፒከር፣ በትልቅ ድምፅ «ወርቅነሽ!» አለ። «ወርቅነሽ፣ ምሳ ደረሰ ወይ?»

ደስታው ወጉን አስረስቶት ነው። አዲሱን ቴፕ አይቶ ነውሩን ረሳ፣ ሌላ ምን ይሆናል?

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ደርሷል፣ ይምጡ» አለች።

እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ከድር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ልድገመው ኣዮ?» አለ። ደገመው፣ ደጋገመው፣ እሷም በተጠራች ቁጥር «ደርሷል» ትላለች።

ታዲያ ግርማ፣ «ያባትህ ድምፅ በባጃጅ እየተሰማ ነው» ብለው ደውለውለት፣ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ስፒከሩን አንጠልጥሎ እያለከለከ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ «ይኸው አመጣሁት፣ የት ልሰካው?» ይላል።

እማዬ አየችውና «አስቀምጠውና ቁጭ በል» አለችው። «አባትህ ገመዱን አትንካ ብለውሃል።»

አልማዝ በማግስቱ ሬዲዮዋን ከነዳንቴሉ ይዛ መጣች። ማንም አልጠየቃትም። ተቀመጠችና አለቀሰች፣ እኛም አብረን አለቀስን፣ ፎቆቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ሳይሰኩ ዋሉ።

እማዬ ልሂድ እንዳለችው መስቀልን ውላ ሄደች። ካሴቷ እኔ ጋ ናት። ግርማ ደግሞ ሰሞኑን «ስለ ካሴቱ በሽማግሌ እንነጋገር» ይለኛል። ሽማግሌ አልጠራም። ካሴት ሁለት ፊት እንዳለው ሽማግሌዎቹ የሰሙ ዕለት ወዮልኝ።

(እዚህ ላይ የሚቀዳው ልጅ ጠየቃቸው። «እትዬ አስቴር፣ ባለቤትዎ ጋሼስ እርስዎን በስምዎ ይጠሩዎት ነበር?»)

እስቲ ዝጋው እሱን ስልክ። ምሳ ደርሷል።