ሽማግሌዎቹ የጠበቁት ጉባኤ

(ማክሰኞ ምሽት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ። የስልክ ፕሮግራም የሚሠራው ናሁሠናይ ኮምፒውተሩ እንደበራ ክፍሉ ውስጥ ይንቆራጠጣል፤ ሽማግሌ አድርጎ የላካቸው ጎረቤቱ ጋሽ ውብነህ በሩን ከፍተው ገቡ።)

ጋሽ ውብነህ፦ እሰይ! እሰይ! ጭብጨባው እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ሰጡህ ማለት ነው? እኛን ሳታስጠራ?

ናሁሠናይ፦ ምኑን ነው የሰጡኝ፣ ጋሼ?

ጋሽ ውብነህ፦ ብሩክታዊትን ነዋ! ዘመዶቿ ምሥራች ይዘው የመጡ መስሎኝ ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳላጣፋ ሮጥኩ።

ናሁሠናይ፦ ኮምፒውተሩ ነው። ስነግርዎ የከረምኩት የስልክ ሠሪው ኩባንያ ጉባኤ። አለቀ።

ጋሽ ውብነህ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ጭብጨባ ላንተ ነው?

ናሁሠናይ፦ ለውሻ ነው።

ጋሽ ውብነህ፦ ለማን?

ናሁሠናይ፦ ስልኩ ራሱ ደውሎ ለውሻ ፀጉር መቆረጫ ቀጠሮ ያዘለት። አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ጋሽ ውብነህ፦ እኔ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ እውላለሁ፣ ውሻው በቀጠሮ! እሺ፣ የኛስ? አማርኛውስ?

ናሁሠናይ፦ መጨረሻ ላይ ስልኩ የሚናገራቸው ቋንቋዎች ስም ሽው ብሎ አለፈ። አማርኛ ታች ጥግ ላይ አለ። ከጎኑ «በቅርቡ» ይላል።

ጋሽ ውብነህ፦ አለ አይደል? ካለ ምን ሆነሃል?

ናሁሠናይ፦ አምናም «በቅርቡ» ነበር ያሉት! የኔ ፕሮግራም ለዓይነ ስውር የተላከለትን መልእክት በአማርኛ የሚያነብ ነው። እነሱ አማርኛ የሚያነበውን ድምፅ ስልኩ ላይ ካልለቀቁት የኔው ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

ጋሽ ውብነህ፦ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል። ስትመላለስ የታችኞቹ ኮርኒስ ሊወርድ ነው።

ናሁሠናይ፦ እንዴት ልቀመጥ? ቅዳሜ አባቷ ዘንድ መልስ ልትሰሙ ትሄዳላችሁ። ምን ልትሏቸው ነው?

ጋሽ ውብነህ፦ እኔስ እሱን አይደል የምጠይቅህ። «ተአምር ይታያል» ያልከን አንተ።

ናሁሠናይ፦ ተአምር አላልኩም! ጉባኤው ለኛ ለባለሙያዎቹ ነው፤ ምን አዲስ መሣሪያ እንዳለ ይነግሩናል፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ሰው ነው እንደ በዓል የሚጠብቀው።

ጋሽ ውብነህ፦ ለባለሙያ ከሆነ ያ ሁሉ መብራትና ሙዚቃ ለምን አስፈለገ? ድግስ አስመስለው ጠርተው ሲያበቁ፣ ሰው ለምን ራበኝ አለ ይባላል?

ናሁሠናይ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ግን ለአባቷ በትክክል ምን ነበር ያላችኋቸው?

ጋሽ ውብነህ፦ ያልከንን ነዋ።

ናሁሠናይ፦ ጋሼ።

ጋሽ ውብነህ፦ ሰውየው «ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ዓይን ዓይናችንን ሲያዩን፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመን ዝም እንበል? ትንሽ አሳመርነው።

ናሁሠናይ፦ ምን ያህል ትንሽ?

ጋሽ ውብነህ፦ «በጉባኤው መድረክ ላይ ስሙ ይጠራል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ።

ናሁሠናይ፦ ጉድ ሠሩኝ! ከነዚያ መድረክ ላይ ከቆሙት በምን ተለዩ?

ጋሽ ውብነህ፦ እኔ ውሻ አልጨመርኩም። ቆይ፣ ስልኬ… አባቷ ናቸው።

ናሁሠናይ፦ አያንሱት! በእግዜር!

ጋሽ ውብነህ፦ በዚህ ዕድሜዬ ልደበቅ? አቤት፣ አቶ ገብረየስ! … ጉባኤውን አዩት? ከነቤተሰብዎ? … አዎ፣ ውሻውን ሰምተናል። … አይ፣ ስሙ አልተጠራም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አላለም፣ በሱ አይያዝበት። … ሥራውማ የእውነት ነው፤ ያለቀ ነው፤ የነሱን ድምፅ ነው የሚጠብቀው፣ በቅርቡ ብለዋል። … እሺ። … እሺ፣ ደኅና ይደሩ።

ናሁሠናይ፦ ምን አሉ?

ጋሽ ውብነህ፦ ሳቁ።

ናሁሠናይ፦ ምን ዓይነት ሳቅ? ቅዳሜ ትሄዳላችሁ ወይስ ቀረ?

ጋሽ ውብነህ፦ ቅዳሜ ለመምጣት አትልፉ ብለዋል። ልጄን ግን እሰጣለሁ አሉ።

ናሁሠናይ፦ ይሰጣሉ? መቼ?

ጋሽ ውብነህ፦ በቅርቡ።