አቶ ሀብቴ ስልክ ያላነሡበት ሳምንት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የመረዳጃ ዕድራችን የቅሬያችን ሽማግሌዎች፣ ከመርሳ፣ ከወልዲያና ከየቀበሌው ለቀብር የደረሳችሁ ክርስቲያኑም እስላሙም ወገኖቻችን፤ እኔ ወርቁ የሟች ባለቤት ወንድም ስሆን፣ ሾፌር እንጂ ተናጋሪ አይደለሁምና ቃል ብስት ታገሡኝ። የሚያስተኝ ኀዘኑ ብቻ አይደለም። የመርሳው ሱቅ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ቶይባና የወልዲያው ሱቅ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኤፍሬም ከቀብሩ በኋላ ቁልፍ አስረክበው ሊሄዱ መቁረጣቸውን ሰምቻለሁ፤ ከቤተሰባችንም «ይሂዱ፣ ዓይናቸውን አናይም» የሚል አለ። ሁለቱ ከሄዱ የሟች የዕድሜ ልክ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው፤ ፍርሃቴ ይኼ ነው።

አቶ ሀብቴ ዓለምነህ ከአባታቸው ከአቶ ዓለምነህ ጌጡና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነቡ አሊጋዝ በሀብሩ ወረዳ፣ እዚሁ ግራና ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃውን በትውልድ ቀያቸው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በመርሳ ተከታትለው፣ በሸማቾች ማኅበር ሱቅ በሻጭነት ከተቀጠሩ በኋላ እኅቴን ወይዘሮ ሂሩትን በሕግ አግብተው፣ ናርዶስንና ምሕረትን አፍርተው፣ በመርሳ የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው፣ ኋላም ወልዲያ ላይ ሁለተኛውን ጨመሩ።

ፈሪ ሰው ነበሩ። አስከሬን ፊት እንዲህ ይባላል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ታዲያ ምን ልበል፣ እውነቱ ነው! ደመና ሲያጉረመርም ስኳሩን ከወለል ያስነሣሉ፤ እኔ መኪና ይዤ ከወጣሁ እስክመለስ ልባቸው ተንጠልጥሎ ይውላል። በዚሁ ፍርሃታቸው የተነሣ ሱቁ ውስጥ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ሳሙና እንኳ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ አይዛወርም ነበር፤ ሠራተኛውም ራሱን ችሎ ከማሰብ ይልቅ የእርሳቸውን ፊት ማየት ለመደ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ጦርነቱ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋና ስልኩ ድምፁ ሲጠፋ አቶ ሀብቴ ወልዲያ ቀሩ፤ የመርሳ ሠራተኞቻቸው ደግሞ ተኩሱ እየቀረበ ሳለ፣ ሱቁን ዘግታችሁ ወደየቤታችሁ ሂዱ የሚላቸው በመጥፋቱ፣ ልጆቻቸውን ጥለው በዘይት ጀሪካን መካከል ተቀምጠው የጌታቸውን ትእዛዝ ጠበቁ። እግዜር አተረፋቸው። አቶ ሀብቴ ተመልሰው ይህን ሲሰሙ ግን በቁማቸው ደነገጡ፤ የእኔን አፍ ሲጠብቁ ሊያልቁብኝ ነበር እያሉ ስንት ጊዜ እንደተንሰቀሰቁ እኅቴ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲያ ሱቅ መምራትን ለሠራተኞቻቸው ማስተማር ያዙ። ሻጮች የነበሩትን ወይዘሮ ቶይባንና አቶ ኤፍሬምን ሥራ አስኪያጅ አድርገው፣ ሠራተኛን ደንበኛ ፊት ሳያዋርዱ ማረምን፣ የተቆጣ ደንበኛን እስከ መጨረሻው መስማትን፣ ወስነው ሲሳሳቱም «ጌታዬ ያሉኝ ነው» ሳይሉ ስሕተትን በራስ ላይ መቀበልን አሳዩዋቸው። ቀጥሎም የዝምታ ሳምንት የሚሉትን ሥራ ጀመሩ፤ በየጊዜው ሹልክ ብለው ወደዚህ ወደ አባታቸው ቤት ይመጡና፣ ሥራ አስኪያጆቹ ቢደውሉ ስልክ አያነሡም፣ መልእክተኛም አይቀበሉም። አንድ ጊዜ አቶ ኤፍሬም ጨንቋቸው እስከ ደጃፋቸው ቢመጡ፣ ያ ፈሪና ለስላሳ ሰው ቱግ ብለው፣ ውኃ እንኳ ሳያቀምሱ መለሷቸው።

ባለፈው ሰሞን፣ እኅቴ የወለደችውን ልጇን ናርዶስን ልታርስ ደሴ በሄደችበት፣ አቶ ሀብቴ ለዝምታ ሳምንታቸው እዚህ ብቻቸውን ሰነበቱ። በዚያው ሳምንት መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ የመርሳ ሕዝብ ዘይትና ጨው ፍለጋ ሱቁን አጨናነቀው። ወይዘሮ ቶይባ ደወሉ፤ አይነሣም። አቶ ኤፍሬምም ከወልዲያ ሞከሩ፤ አይነሣም። ጋሼ እየፈተኑን ነው ተባባሉና መደወሉን ተዉ፤ ሄዶ ያያቸውም የለም። ስለዚህ ወይዘሮ ቶይባ የቅሬ ሽማግሌዎችን ደጅ ላይ አቁመው ለየቤተሰቡ በልክ በልክ ሸጡ፤ ልጆች ያሏቸውን ሠራተኞችም በጊዜ አሰናበቱ፤ ማንም ሳይረገጥ፣ ማንም ሳይጣላ ቀኑ አለፈ። ወሬውም ወሬ ሆኖ ቀረ።

አቶ ሀብቴ ግን እየፈተኑ አልነበረም። ደም ግፊት ጥሏቸው፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ከአልጋው ሥር ወድቀው ነበር። ስልኩ እጃቸው ከማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ይጮኻል። ያገኟቸው ጎረቤታቸው አቶ ዓሪፍ ናቸው፤ በሩን ገንጥለው፣ አዝለው አውጥተው እኔ መኪና ላይ አሳፈሯቸው። ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም፣ ወገኖቼ! በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ቶይባ፣ ኤፍሬም፣ ስሙኝ። ከማረፋቸው በፊት አንደበታቸው ትንሽ ሲመለስ ለእኅቴ የነገሯትን እርሷ ራሷ አንብብላቸው ብላኛለች። ስልኩ ሲጮኽ፣ ምነው በመጡልኝ እያልሁ አምላኬን ለመንሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ፣ ልጆቼ ወሰኑ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፣ ያን ያህልም ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ነበር ያሏት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ቢሆንም በእናንተ መፍረድ አልቻልሁም።

አቶ ሀብቴ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሂሩትን፣ ልጆቻቸውን ናርዶስንና ምሕረትን፣ ገና ክርስትና ያልተነሣችውን የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ከዚህ በታች ያሉት ስሞች በቤተሰብ ምክር ተሰርዘው ነበር፤ እኅቴ ትናንት መልሰህ ጻፍ አለችኝ። ልጆቻቸውን ቶይባንና ኤፍሬምንም ትተው አልፈዋል።

የፈሩትን ሁሉ የሚያሳርፍ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን ይስጠን። አሜን።