ጉልበቴ በሐሰት የመሰከረበት ክሊኒክ

የምስክር ቃል
የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ባለ ፔዳሉ» የሚባሉ ልብስ ሰፊ
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው የልብስ ስፌት ሱቅ
ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን፣ የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን የማውቀው ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ላይ «በስቴም ሴል እናድናለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ክሊኒክ ከከፈተ ጀምሮ ነው። ጠብ የለንም። እንዲያውም ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነበርኩ።

የዛሬ ስምንት ወር ገደማ፣ አርባ ዓመት ፔዳል የረገጥኩበት ቀኝ ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ወደ እሱ ሄድኩ። ስቴም ሴል ማለት ገና ሥራ ያልተመደበለት፣ የጎደለውን ሁሉ የሚሞላ የሰውነት ሕዋስ ነው ብሎ አስረዳኝ። ሦስት መርፌ ወጋኝ። በመርፌው ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም፣ የፈረምኩትም ወረቀት የለም። ለአርባ ቀን ፔዳል እንዳልነካ አዘዘኝ። አልነካሁም፤ ጉልበቴም ተሻለው። በደስታ ደረጃውን እየወጣሁና እየወረድኩ፣ አንዳንዴም እየጨፈርኩ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁ። ባለቤቴ ብቻ «አንተ ሰውዬ፣ መርፌውን ትተህ ዕረፍቱን አመስግን» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

በአርባ አንደኛው ቀን ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሕመሙ እንደ ድሮው መጣ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አፍሬ፣ ጉልበቴን በሱሪዬ ውስጥ በጨርቅ አስሬ ዝም አልኩ። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ።

በዚሁ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡00 ላይ፣ ጎረቤቴ መምህሯ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ቀሚስ ልታሰፋላት ይዛት መጣች። ልጅቷ የደም ካንሰር እንዳለባት አውቃለሁ። ሆስፒታሉ የታመመውን መቅኔዋን በመድኃኒት አጥፍቶ በወንድሟ ስቴም ሴል ሊተካላት ለሰኞ ቀጥሯት ነበር። እናቷ ግን «ጋሼ፣ ሰኞ አልወስዳትም። ለሳምንታት ሰው የማይገባበት ክፍል ያስተኟታል፤ ለመዳኗም ዋስትና የለንም አሉኝ። እዚህ ፊት ለፊት ግን ሦስት መርፌ ይበቃታል ተባልኩ። እርስዎን አይቼ ነው የወሰንኩት» አለችኝ።

በዚያን ሰዓት የልጅቷን ወገብ እየለካሁ ነበር። ካለፈው ልኳ አራት ጣት ጎድሏል። ደነገጥኩ። ሜትሩን አንገቴ ላይ ጥዬ ሱሪዬን ሰበሰብኩና የታሰረውን ጉልበቴን አሳየኋት። «ያየሽው የዳነ ጉልበት አይደለም፤ ያረፈ ጉልበት ነው» አልኳት። መምህሯ በጣም ተቆጣችኝ፤ ቀጥላም አለቀሰች። ልጅቷ ግን ስቃ «ታዲያ አባባ፣ ደረጃው ላይ የጨፈሩት በአንድ እግር ነው?» አለችኝ።

ሰኞ ሆስፒታል ገቡ። ወንድሟ የሃያ ዓመት ወጣት ነው፤ ከእህቱ ጋር በቴሌቪዥን ሪሞት ሲጣሉ ያደጉ ናቸው። «ሐኪሟ እናቴን ከክፍሉ አስወጥታ፣ አልፈልግም ብትል ማንም አይቀየምህም፣ ፈቃድህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ» ብሎ በኋላ ነገረኝ። እሱም ፈቅዶ ፈርሟል። እኔን በክሊኒኩ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። ክሊኒኩን ለፖሊስ የጠቆምኩትም በዚያው ሳምንት እኔው ራሴ ነኝ።

የወንድሟ ሴል ያዘላት። ሐኪሞቹ ክትትሉ ገና አላለቀም ብለዋል፤ ትምህርቷን ግን ጀምራለች። ትናንት ከቀኑ 10፡00 ላይ ያንን ቀሚስ ልትሞክር ሱቄ መጣች። ወገቡ ጠበባት፤ አልዘጋ አለ። መምህሯ ሳቀችብኝ። በዚህ ሙያ አርባ ዓመት ስሠራ ልኬ ስቶ ደስ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህም ከቃሌ ጋር እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ከተናገርኩት አልሰፋም፣ አልጠበበም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________